ሁለት ተጫዋች፣ አንድ ቦታ፦ ኦፕሽን ያለውን ወይስ የጨረሰውን ማስቀረት?

በየዓመቱ ማርች ሊያልቅ ሲል በአሜሪካ የቤዝቦል ቡድኖች ካምፕ ውስጥ ደጋፊን የሚያናድድ ነገር ይከሰታል። ወሩን ሙሉ ኳስ ሲያስወነጭፍ የከረመ ወጣት ሻንጣውን ሸክፎ ከዋናው ሜጀር ሊግ በታች ወዳለው ማይነር ሊግ ይላካል። ወሩን ሙሉ ሲዳክር የከረመው ደግሞ ከዋናው ቡድን ጋር ይቀራል። ደጋፊው አሠልጣኙን ይራገማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ውሳኔው የአሠልጣኙ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የተጫዋቾችን የኦፕሽን ዓመት፣ ማለትም ቡድኑ ሳያጣቸው ወደ ታች ሊልካቸው የሚችልባቸውን ዓመታት፣ የሚቆጥር ሰው አለ፣ የወሰነውም እሱ ነው።

ይህ መመሪያ የዚያን ሰው ሒሳብ ለማወቅ ለሚፈልግ ነው፤ በዋሽንግተን፣ በሲያትል ወይም በአትላንታ ሆኖ የከተማውን ቡድን ለሚከታተልም፣ በኮምፒውተር ጨዋታ የራሱን ቡድን ለሚመራም ያገለግላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሕጉ

አንድ የሜጀር ሊግ ቡድን ሁለት ዝርዝር ይይዛል። ሰፊው 40 ሰው ይይዛል፤ በዚህ ውስጥ ያለን ተጫዋች ሌላ ቡድን ዝም ብሎ ሊወስደው አይችልም። ጠባቡ የዕለት ጨዋታ ዝርዝር 26 ሰው ነው። እስከ 2019 ድረስ 25 ነበር፤ አሁን በሴፕቴምበር ወደ 28 ከፍ ይላል። ከ26ቱ ውስጥ ፒቸሮች (ኳስ ወርዋሪዎች) ከ13 መብለጥ የለባቸውም።

በ40ው ውስጥ ሆኖ በ26ቱ ውስጥ ቦታ ያጣ ጤነኛ ተጫዋች ወደ ማይነር ሊግ የሚወርደው በኦፕሽን ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት የኦፕሽን ዓመት ይሰጠዋል። ብዙ ሰው ሦስት ጊዜ መላክ ማለት ይመስለዋል፤ የሚቆጠረው ግን ዓመቱ ነው። በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ በድምሩ 20 ቀን ወይም ከዚያ በላይ በኦፕሽን ማይነር ሊግ ከቆየ አንድ ዓመት ተቃጠለ። 20 ካልሞላ ኦፕሽኑ አይነካም፤ ወርዶ ያሳለፋቸው ቀናትም እንደ ሜጀር ሊግ አገልግሎት ይቆጠሩለታል። በዚያው ዓመት ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ ሊመላለስ ይችላል። የአምስት ጊዜ ገደብ የመጣው በ2022 በተፈረመው የሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነት ነው፤ ቀድሞ ገደብ ስላልነበረ አንዳንዱ ፒቸር ከአውሮፕላን ማረፊያ የማይጠፋበት ዘመን ነበር።

የወረደ ፒቸር 15 ቀን፣ ሌላው ተጫዋች 10 ቀን ሳይሞላው መመለስ አይችልም፤ የተጎዳ ሰው የሚተካ ከሆነ ግን ይፈቀዳል። አምስት ዓመት የሜጀር ሊግ አገልግሎት ያለው ተጫዋች ደግሞ ኦፕሽን ቢተርፈው እንኳ ያለ ፈቃዱ አይወርድም።

ሦስቱ ዓመት ካለቀ በኋላ ተጫዋቹን ወደ ታች ለመላክ መጀመሪያ ዌቨር ላይ ማውጣት ግድ ነው። ዌቨር ላይ ሲወጣ ሌሎቹ 29 ቡድኖች ሊጠይቁት ይችላሉ፤ ብዙ ጠያቂ ካለ ቅድሚያው በውጤት ዝቅ ላለው ቡድን ነው። ኦፕሽን ያለው ተጫዋች ደርሶ መልስ ትኬት ይዞ ይሄዳል፤ የጨረሰው ከሄደ ላይመለስ ይችላል።

በአንድ ዝውውር የመጡ ሁለት ልጆች

ልዩነቱን ለማየት ከክሊቭላንድ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በጁን 2002 ክሊቭላንድ ባርቶሎ ኮሎን የተባለውን ዋና ፒቸሩን ለሞንትሪያል ሰጠ። በምትኩ ካገኛቸው መካከል ክሊፍ ሊ የተባለ ግራኝ ፒቸርና ብራንደን ፊሊፕስ የተባለ የሁለተኛ ቤዝ ተጫዋች ነበሩ። ያኔ ብዙ ሲወራለት የነበረው ፊሊፕስ ነው።

ፊሊፕስ በ2003 ዕድል ተሰጥቶት በ112 ጨዋታ የመምታት አማካዩ .208 ብቻ ሆነ። ከዚያ ወረደ፣ ቆየ፣ ዓመቶቹ ተቃጠሉ። በኤፕሪል 2006 ኦፕሽን ጨርሶ ነበር። ለመጨረሻዋ የተጠባባቂ ቦታ ቡድኑ ራሞን ቫስኬዝ የተባለውን በየቦታው ተዘዋውሮ የሚጫወት ልምድ ያለው ሰው መረጠ። ፊሊፕስን መላክ ስለማይቻል ከዝርዝር አወጡት፤ በቀናት ውስጥም ወደፊት ስሙ በሚገለጽ አንድ ተጫዋች ለሲንሲናቲ ተሰጠ። ሲንሲናቲ ውስጥ እስከ 2016 ቆየ። በ2007 30 ሆም ራን መቶ 32 ቤዝ ሰረቀ፣ ሦስት ጊዜ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ፣ አራት ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይነት ሽልማት) ወሰደ።

ክሊፍ ሊ በ2005 18 ጨዋታ አሸንፎ ስለነበር የተደላደለ ይመስል ነበር። በ2007 ግን ተበላሸ፤ የዘመኑ አማካይ በዘጠኝ ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) 6.29 ራን (የተቆጠረበት ነጥብ) ነበር። እሱ ግን ኦፕሽን ነበረው። በጁላይ ወደ ቡፋሎ ትሪፕል ኤ (የማይነር ሊግ ከፍተኛ ደረጃ) ላኩት፤ ለዚያ ዓመት ፕሌይኦፍ እንኳ አልመረጡትም። በ2008 ተመልሶ 22 አሸንፎ በ3 ብቻ ተሸነፈ፣ አማካዩ 2.54 ሆነ፣ የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ሽልማት የሆነውን ሳይ ያንግን ወሰደ፤ ሁሉም በክሊቭላንድ መለያ።

በሁለቱም ጊዜ ቢሮውን ይመራ የነበረው ማርክ ሻፒሮ ነው። ዳኝነቱ በአንድ ዓመት ውስጥ አልተለወጠም። በሁለቱም ላይ "አሁን አይሆንም" ብሎ ፈረደ፤ በሁለቱም ላይ ሲታይ ፍርዱ ለዚያች ሰዓት ያስኬዳል። የተለያየው የስሕተቱ ዋጋ ነው። በሊ ላይ የተፈረደውን ፍርድ መሻር ይቻል ነበር፣ በፊሊፕስ ላይ የተፈረደውን ግን አይቻልም።

ሀ ወይስ ለ?

እንግዲህ ሁለት ተጫዋቾች እንያዝ። "ሀ" የተሻለ ነው፣ ግን ኦፕሽን አለው። "ለ" ትንሽ ያንሳል፣ ኦፕሽንም ጨርሷል። ቦታው አንድ ነው።

የቢሮው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ "ትንሽ" ስንት ነው የሚለው ነው። በቤዝቦል ስሌት 10 ራን ገደማ አንድ ድል ይባላል። የዝርዝሩ የመጨረሻ ሰው የሚጫወተው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ነው፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ በሀ እና በለ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሦስት ራን ቢሆን ነው። ያንን ያህል ከፍሎ ሁለቱንም ሰዎች እስከ ሜይ አጋማሽ በእጅ ማቆየት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው ይጎዳል። ሁልጊዜ ይጎዳል። ያኔ ሀ ይመጣል፣ ለ ደግሞ ያለበት አለ።

ቦታው የመጨረሻው ካልሆነ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ሀ በየቀኑ የሚጫወት ሰው የሚሆን ከሆነ፣ ለን ለማዳን ሲባል እሱን ማውረድ አላዋቂነት ነው ብዬ አምናለሁ። ኦፕሽን እኩል ወይም እኩል ሊባሉ የሚችሉ ሰዎችን ለመለየት ጥሩ ነው፤ ግልጽ ልዩነት ባለበት ቦታ እሱን ምክንያት ማድረግ ውሳኔን መሸሽ ነው። በየዓመቱ ኤፕሪልን "እናጣዋለን" በተባለ ተጫዋች አሳልፈው ሜይ ላይ ያንኑ ሰው የሚያሰናብቱ ቡድኖች ይታያሉ። ወሩም ባከነ፣ ሰውዬውም ሄደ።

ሁለተኛው ጥያቄ ለን ዌቨር ላይ ማን ይወስደዋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ ደጋፊም ቢሮም ማጋነን ይወዳሉ፤ የራስ ልጅ ሁልጊዜ ውድ ይመስላል። በማርች መጨረሻ ሠላሳውም ቡድኖች ትርፍ ሰዎቻቸውን አንድ ላይ ስለሚያወጡ ገበያው ይጥለቀለቃል፣ የሁሉም 40ም ሞልቷል። የሚወስድ ቡድን ለን በ40ው ውስጥ ማስገባት ብቻ ሳይሆን፣ ለ ለእሱም ኦፕሽን የጨረሰ ስለሆነ 26ቱ ውስጥ ሊያኖረው ይገደዳል። መካከለኛ ተጫዋች በዚህ ሳምንት ሾልኮ የማለፍ ዕድል አለው። ወጣት፣ ፈጣን፣ ወይም ኳስ በኃይል የሚወረውር ከሆነ ግን ተስፋ አታድርጉ፤ በውጤት የወደቀ ቡድን ጊዜ እንጂ ሌላ የሚያጣው የለም፣ ቅድሚያውም የእሱ ነው።

ሦስተኛው ሀ ራሱ ነው። ከካምፕ መውረዱ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? በየቀኑ መጫወት የሚያስፈልገውን የ22 ዓመት ልጅ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ከማስቀመጥ ትሪፕል ኤ መላክ ለእሱም ይበጃል። ማይነር ሊግን አሸንፎ የጨረሰ የ26 ዓመት ሰው ግን እዚያ የሚማረው የለም፤ እሱን ማውረድ አንድ ኦፕሽን ከማቃጠል በቀር ትርፍ የለውም።

ገንዘቡንም አትርሱ፣ በተለይ የሰውዬውን ገንዘብ። በ2022 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ደመወዝ በዓመት 700,000 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ እየጨመረ በ2026 780,000 ደርሷል። በዚያው በ2022 በ40ው ውስጥ ሆኖ ማይነር ሊግ የሚጫወት የመጀመሪያ ውለኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 57,200 ዶላር ነበር። ክፍያው በቀን ስለሚሰላ፣ ኤርፖርት ላይ ስልክ የሚጠብቅ ተጫዋች የሚጠብቀው ክብርን ብቻ አይደለም። የአገልግሎት ቀንም አለ፤ 172 ቀን አንድ ሙሉ ዓመት ነው፣ ስድስት ዓመት ሲሞላ ነፃ ተጫዋች ይሆናል። የቺካጎ ከብስ በ2015 ክሪስ ብራያንትን እስከ ኤፕሪል 17 ማይነር ሊግ ካቆዩት በኋላ ዓመቱን በ171 ቀን ጨረሰ። አንዲት ቀን ጎደለችው፣ ነፃነቱም በአንድ ዓመት ዘገየ። አቤቱታ አቅርቦ በ2020 ተፈረደበት። ብራያንት ያን ጊዜ በ40ው ውስጥ ስላልነበረ እሱን ለማቆየት ኦፕሽን እንኳ አላስፈለገም፤ ሒሳቡ ግን አንድ ነው።

ቡልፔን እና ተጠባባቂ ወንበር አንድ አይደሉም

ብዙ ሰው "ኦፕሽን ያላቸው ብዙ ይኑሩን" ብሎ በጅምላ ይናገራል። የት እንደሚኖሩ ነው ዋናው ነገር።

13 ፒቸር ሲኖር አምስቱ ጨዋታ የሚከፍቱ ጀማሪዎች ናቸው፣ ስምንቱ ተቀይረው ለመግባት ቡልፔን ውስጥ ይቀመጣሉ። ማክሰኞ ጀማሪው በሁለተኛው ኢኒንግ ተደብድቦ ወጣ እንበል። አንዱ ገብቶ አራት ኢኒንግ ወርውሮ ጨዋታውን አተረፈ፣ ጥሩም ሠራ። ረቡዕ እሱ መወርወር አይችልም፣ ሌሎቹም ደክመዋል፣ ትኩስ ክንድ ያስፈልጋል። የሚመጣው ከትሪፕል ኤ ነው፤ እሱ እንዲመጣ የሚወርደው ደግሞ ትናንት ጨዋታውን ያተረፈው ሰው ነው፣ ኦፕሽን ስላለው። ለሽልማቱ ቢያንስ 15 ቀን ማይነር ሊግ። ከዚህ ጨዋታ ሕጎች ሁሉ ለሰው የሚከብደኝ ይኼ ነው፤ የቢሮው ሰው ግን ሌላ መንገድ የለውም።

አሁን ከስምንቱ ውስጥ ሰባቱ ኦፕሽን የጨረሱ ወይም አምስት ዓመት የሞላቸው ናቸው እንበል። ይህ ሁሉ ጫና በአንድ ወንበር ላይ ይወድቃል። በዚያ ወንበር የሚፈራረቁት ሰዎች እያንዳንዳቸው በዓመት አምስት ጊዜ ብቻ መላክ የሚችሉ፣ ከወረዱም 15 ቀን የማይመለሱ ናቸው። ጁላይ ሳይገባ ቡድኑ ይታፈናል፤ አንድ ቀን ደህና ፒቸሩን ዌቨር ላይ አውጥቶ ያጣል። ለዚህ ነው የታምፓ ቤይ ሬይስና የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ በቡልፔናቸው ጫፍ ላይ ሰው ሲያቀያይሩ የሚውሉት። እኔ ከስምንቱ ቢያንስ ሁለቱ፣ ቢቻል ሦስቱ ኦፕሽን ያላቸው ይሁኑ እላለሁ፤ ታች ደግሞ በ40ው ውስጥ ያሉ ሌሎች አራት አምስት ክንዶች። የእነሱም ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ በ40ው ውስጥ አንድ ቦታ ይበላል።

ተጠባባቂ ወንበር ላይ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ሁለተኛው ካቸር፣ አራተኛው አውትፊልደር፣ በየቦታው የሚገባው ኢንፊልደር፦ እነዚህ ከሳምንት ሳምንት አይደክሙም፣ የሚቀየሩት ሲጎዱ ነው። ስለዚህ ኦፕሽን የጨረሰ ሰው እዚያ ቢቀመጥ ቡድኑን ብዙም አያስረውም። ሁለት እኩል ሰዎች ካላችሁ፣ አንዱ ኦፕሽን ያለው ፒቸር፣ ሌላው ኦፕሽን ያለው ተጠባባቂ ከሆኑ፣ በዝውውር ልትሰጡ የሚገባው ተጠባባቂውን ነው።

የትሪፕል ኤው ርቀትም ከዚሁ ይቆጠራል። ከ2021 ጀምሮ የሚኒሶታ ትዊንስ ትሪፕል ኤ ቡድን ሴንት ፖል ነው፤ ተጫዋቹ ከተማ ተሻግሮ ይመጣል። አትላንታ በዚያው አካባቢ ግዊኔት አለው፣ ሲያትል ታኮማ። የዋሽንግተን ናሽናልስ ግን በ2019 ትሪፕል ኤያቸው ፍሬዝኖ፣ ካሊፎርኒያ ነበር፤ ከአገሩ አንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር። ያን ዓመት ሻምፒዮን ሆኑ፣ ስለዚህ ርቀት ቡድን ይገድላል ማለት አይቻልም። በ2021 ግን ወደ ሮቸስተር ተዛወሩ። በነገራችን ላይ ትዊን ሲቲስ ወይም አትላንታ ያላችሁ ወገኖች፣ ዛሬ የወረደውን ልጅ ነገ በርካሽ ትኬት እዚያው ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የጨረሰውን ማስወጣት ካስፈለገ

አራት በሮች አሉ፤ ሁሉም እኩል አይደሉም።

ዝውውር ከሁሉ ይሻላል፣ ግን ከማርች በፊት ከሆነ ነው። ሌሎቹ ቡድኖች ሕጉን እኩል ያውቃሉ። መላክ እንደማትችሉ ካዩ ዋጋ አይሰጧችሁም።

ዲኤፍኤ ተጫዋቹን በዚያው ሰዓት ከ40ው ያወጣዋል፣ ቡድኑም ሰባት ቀን ያገኛል፤ በእነዚያ ቀናት ወይ ይሸጣል፣ ወይ ዌቨር ላይ ያወጣል፣ ወይ ያሰናብታል። ቦታው ዛሬ ለሚያስፈልገው ቡድን ጥሩ ነው፤ ለመደራደር ግን ሰባት ቀን አጭር ነው፣ ፊሊፕስም የሄደው በዚህ በር ነው።

በዌቨር አሳልፎ አውትራይት ማድረግ ብዙ ሰው የሚንቀው መንገድ ነው። ማንም ካልጠየቀው ተጫዋቹ ከ40ው ወጥቶ ማይነር ሊግ ይቆያል፤ ቡድኑ ሰውዬውንም አላጣ፣ አንድ ቦታም አተረፈ። ሦስት ዓመት አገልግሎት የሌለውና ከዚህ በፊት አውትራይት ያልተደረገ ከሆነ እምቢ ማለት አይችልም። ሦስት ዓመት ያለው ወይም አንዴ ያለፈበት ግን እምቢ ብሎ ነፃ መውጣት ይችላል። ስለዚህ ይህን በር ከመሞከራችሁ በፊት የአገልግሎት ዘመኑን እዩ። ከአንድ ሺህ ኢኒንግ ቪዲዮ ይልቅ ያቺ ቁጥር ትነግራችኋለች።

የጉዳት ዝርዝር አራተኛው ነው። ለፒቸር 15፣ ለሌላው 10 ቀን ነው፤ የ60 ቀኑ ደግሞ የ40ውንም ቦታ ነፃ ያወጣል። ተጫዋቹ በሜጀር ሊግ ደመወዙና አገልግሎቱ ይቀጥላል። ሲያገግም በማይነር ሊግ ማሟሟቂያ ጨዋታ ይፈቀድለታል፣ ፒቸር እስከ 30 ቀን፣ ሌላው እስከ 20። በማርች መጨረሻ ኦፕሽን የጨረሰ ሰው ድንገት ክርኑን ሲሰማው ደጋፊው ቢስቅ አልፈርድበትም። የምር ተጎድቶ ከሆነ ግን ለቡድኑ የአንድ ወር ጊዜ ነው፤ በዚያ ወር ሌላ ሰው ይጎዳል፣ ጥያቄውም ራሱን ይፈታል።

ዛሬ ማስገባት ወይስ አንድ ዓመት መጠበቅ

የማርች ችግር የሚጀምረው ከሦስት ዓመት በፊት በኖቬምበር ነው። በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በታች የፈረመ ልጅ ከአምስት ዘመን በኋላ፣ በ19 ወይም ከዚያ በላይ የፈረመ ከአራት ዘመን በኋላ በ40ው ውስጥ ካልገባ፣ በዲሴምበር በሩል 5 ድራፍት ሌላ ቡድን በ100,000 ዶላር ሊወስደው ይችላል። የወሰደው ቡድን ዘመኑን በሙሉ በዋናው ቡድን ሊያኖረው ይገደዳል፣ አለዚያ በ50,000 ዶላር ለቀድሞው ቡድን እንዲመልሰው ማቅረብ አለበት።

በጃንዋሪ 2021 በ16 ዓመቱ የፈረመ የዶሚኒካን ልጅ አስቡ። በኖቬምበር 2025 በ40ው ውስጥ ይገባል። በ2026፣ በ2027 እና በ2028 ኦፕሽኖቹ ይቃጠላሉ። በ2029 ማርች በ24 ዓመቱ፣ ብዙ ተጫዋች ገና በሚበስልበት ዕድሜ፣ ወይ ቡድኑ ውስጥ ነው ወይ ዌቨር ላይ። አንድ ዓመት ቀድመው ቢያስገቡት ያቺ ቀን በ23 ትመጣ ነበር። ስለዚህ በ40ው ውስጥ ማስገባት ጥበቃ ብቻ አይደለም፣ ሰዓት ማስነሳትም ነው። ልጁ ገና ነጠላ ኤ (ከትሪፕል ኤ በታች ያለ ደረጃ) ውስጥ ከሆነና ለሜጀር ሊግ ዓመታት የሚቀሩት ከሆነ፣ ማን ዘመኑን በሙሉ ሊያስቀምጠው ይችላል ብሎ መጠየቅና አደጋውን መውሰድ ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

ብዙ ጊዜ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ሂውስተን በ1999 ዮሃን ሳንታናን ሳያስገባ ቀረ። ልጁ በድራፍቱ ተወስዶ ሚኒሶታ ገባ። በ2000 በ21 ዓመቱ ትዊንስ 69 አሸንፈው 93 ተሸንፈው ከምድባቸው መጨረሻ ሲወጡ፣ ሳንታና በ6.49 አማካይ ሲደበደብ ከረመ። የሚያሸንፍ ቡድን ይህን አይታገሥም ነበር፤ ትዊንስ ግን የሚጣደፉበት ጉዳይ አልነበራቸውም። ዘመኑ ሲያልቅ ልጁ የእነሱ ሆነ፣ ኦፕሽኑም በእጃቸው ገባ። በ2002 ለተወሰነ ጊዜ ወደ ኤድመንተን ትሪፕል ኤ አውርደው ቼንጅአፑን (ዝግ ያለ ማታለያ ውርወራውን) እንዲያሾል አደረጉት። በ2004 እና በ2006 ሳይ ያንግን ወሰደ።

ኦፕሽን ከዕቃ ማከማቻነት ያለፈ ጥቅም የሚሰጠው እንዲህ ሲሠራበት ነው። ቶሮንቶም በ2001 ሮይ ሃላዴይን፣ ያለፈውን ዓመት በ10.64 አማካይ የጨረሰውን ሰው፣ ትሪፕል ኤ ሳይሆን ወደ ደኒደን ነጠላ ኤ ድረስ አወረደው። አወራወሩን ከሥር ሠርተውለት በዚያው ክረምት ተመለሰ፤ በ2003 ሳይ ያንግን ወሰደ። በቅርቡ ደግሞ ባልቲሞር በኤፕሪል 2024 ጃክሰን ሆሊዴይን በ20 ዓመቱ ጠርቶ ከ34 ሙከራ 2 ብቻ ሲመታ በኤፕሪል 26 መለሰው፣ በጁላይ 31 እንደገና ጠራው። በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ የመጀመሪያው ኦፕሽን ቢቃጠል አያስቆጭም። የሚያስቆጨው አንድ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ የሌላ ሰው ጉዳት ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ምንም ሳይስተካከልለት ዓመቶቹ ሲያልቁ ነው።

የዓመታት ቆጠራ

የራሳችሁን ቡድን ለመመርመር አንድ ወረቀት በቂ ነው። የ40ውን ስም በኦፕሽን ማለቂያ ዓመታቸው ደርድሩ። ሦስቱን ጨርሰው ገና አምስት ሙሉ የፕሮፌሽናል ዘመን ያልሞላቸው ካሉ ለይታችሁ ጻፏቸው፤ ሙሉ የሚባለው ቢያንስ 90 ቀን በንቁ ዝርዝር የቆዩበት ነው፣ ለእነዚህ አራተኛ የኦፕሽን ዓመት ሊፈቀድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚደርሳቸው ቀድመው በ40ው ውስጥ የገቡና በጉዳት ዓመት ያጡ ልጆች ናቸው። የአሁኑ ስምምነት በዲሴምበር 1, 2026 ስለሚያበቃ የአምስት ጊዜውም ሆነ የ20 ቀኑ ቁጥር በሚቀጥለው ውል ሊለወጥ እንደሚችል ያዙ።

ከዚያ ዓመቶቹን ተመልከቱ። በአንድ ማርች ሁለት ሰው ቢጨርስ ቡድኑ ይችለዋል። አራት አምስት ከሆኑ፣ በተለይ ሦስቱ ተቀይረው የሚገቡ ፒቸሮች ከሆኑ፣ የትኞቹን ሁለት እንደምትሸጡ በዲሴምበር ወስኑ። ያኔ ገዢው የሚያየው አንድ ጥሩ ክንድ ነው፣ በምትኩም ገና 40ው ውስጥ ያልገባ ልጅ ይሰጣችኋል። እስከ ማርች 25 ከጠበቃችሁ ስልክ አይደውልላችሁም፤ ዌቨር ላይ እስኪወጣ ይጠብቃል።